ክሱ የሌላ ዕቃ ነው፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ድሬዳዋና ሐረር ባለን የሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ብዙ ያነጋገረ አንድ ጽሑፍ አለ። በሁለቱ ከተሞች የሰርግ መድረክ ላይ ብቅ ማለት የጀመረውን የኤሌክትሮኒክ ከበሮ የሚቃወም ነው። ያላነበበው እንዲከተለኝ ክሱን በአጭሩ ላስቀምጠው። መሣሪያው ቁልፍ እንጂ ከበሮ አይደለም፤ የመቺውን ስሜት አያውቅም፤ እጅ ካረፈ በኋላ ዘግይቶ ይጮኻል፤ የከበሮ መቺውን እንጀራ ቀምቷል፤ ባዕድ ነው፤ ውድ ነው፣ መብራት በሚቆራረጥበት አገርም አይሆንም፤ ልጆችን ያሰንፋል፤ ነገ ደግሞ የሐረሪዎች መንፈሳዊ ውዳሴ የሚባልበት ዚክሪ ቤት ይገባል። በመጨረሻም የሰርግ አዳራሾች ዕቃውን በር ላይ እንዲመልሱት ጸሐፊው ይጠይቃሉ።

ጸሐፊው ለከበሮና ለሐረሪው ከበሮ ለከረቡ ያላቸው ፍቅር ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። የእኔም ኑሮ ይኸው ነው። ድሬ ላይ፣ ሐረር ላይ፣ አንዳንዴም ጅጅጋ ድረስ እየሄድኩ በሰርግ ከበሮ እመታለሁ። ቆዳውንም እመታለሁ፣ ኤሌክትሮኒኩንም እመታለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ጸሐፊው የሚወዱትን ሊከላከሉ ተነስተው የተኮሱት ወዳጁ ላይ ነው።

“ቁልፍ ነው” ከሚለው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ጸሐፊው አንድ ስም ሰጥተው የሚከሱት ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው። የመጀመሪያው ራሱን በራሱ የሚመታ ማሽን ነው። ሪትሙ አስቀድሞ ይሞላል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ እስኪያቆሙት ድረስ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 የዚህ ዘር ዝነኛው ነው፤ ሰርግ ቤት የምንሰማው የኪቦርድ ሪትምም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ፓድ ነው። ሰው ይመታዋል፣ እሱ ደግሞ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ያወጣል። ሦስተኛው የተመታውን ፊት ንዝረት ራሱን ወስዶ ድምፅ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። በጽሑፉ የተዘረዘረው ጥፋት በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ ጥቂቱ የሁለተኛው ነው። ፍርዱ የተሰጠው ግን በሦስቱም ላይ ነው።

ስለ ፓዱ የተባለው ብዙው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሞንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዱን ሲያወጣ መልኩ ዓለምን አስደነቀ፤ ፊቱ ግን ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ስለነበር ድራመሮች አንጓችንን አመመን ይሉ ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ፓድ ሥር ፒየዞ የምትባል ስስ ክብ ዳሳሽ ተለጥፋ ትገኛለች። አንዳንድ ክሪስታል ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ፒየዞ የምትሠራው በዚያው ባሕርይ ነው። በተራው ፓድ ውስጥ ይህች ዳሳሽ የምታደርሰው ወሬ ሁለት ብቻ ነው፦ ተመታሁ፣ ኃይሉም ይህን ያህል ነበር። ወሬው ወደ ድምፅ ሳጥኑ የሚሄደው ሚዲ በሚባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ ለአንድ ምት ኃይል የመደበለት ከ1 እስከ 127 ያለ ቁጥር ነው። በመዳፍ ነው በጣት ጫፍ፣ መሐል ላይ ነው ዳር ላይ፣ እጁ ወዲያው ተነሳ ወይስ እዚያው ቀረ፣ ቁጥሩ ውስጥ አንዱም የለም። ጸሐፊው “ቁልፍ” ያሉት ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። ኮርግ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ዌቭድራም የሚባል መሣሪያ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ አሻሽሎ መልሶ አመጣው። ላዩ ላይ የተወጠረው እንደማንኛውም ዘመናዊ ድራም እውነተኛ የከበሮ ፊት ነው። ከፊቱ ሥርና ከጠርዙ ያሉት ዳሳሾች “ተመታ” ብለው አያቆሙም። የንዝረቱን ሞገድ ከመነሻው እስከ መጥፊያው ያነሱታል። ያ ሞገድ የከበሮን አካል ባሕርይ፣ ማለትም የቆዳውን ውጥረት፣ የገላውን ስፋት፣ የሚያስተጋባበትን መንገድ በሚያሰላ ቺፕ ውስጥ ያልፋል። ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ሞገድ ነው። ስለዚህ ፊቱን በጥፍር ብትጭሩት የተጫረ ድምፅ ትሰማላችሁ፤ በመዳፍ ብታሹት የታሸ ድምፅ ይወጣል። የጠርዙ የተሰነጣጠቀ ክፍል በዱላ ሲፋቅ መፋቁ ራሱ ይሰማል። ተራውን ፓድ በጥፍር ብትጭሩት ግን ዝም ይላል፤ ምት ነው ብሎ የሚቆጥረው ነገር አላገኘማ።

አንድ ነገር ይቀራል። ፒየዞ የሚሰማው ለውጥን ነው፤ እጅ አርፎ ዝም ካለ ለእሱ እጅ የለም ማለት ነው። የቆዳ ከበሮ መቺ ደግሞ ግማሽ ሥራው አርፎ በሚቀረው እጅ ነው። ዌቭድራም ለዚህ ሲባል ከፊቱ መሐል ሥር ግፊት የሚለካ ሌላ ዳሳሽ ተቀምጦለታል። ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሐረግ ምት ላሳይ። ቀኝ እጄ በጣቶቹ ጫፍ ዳሩን ይመታል፤ ድምፁ ቀጭንና ደረቅ ነው። ያው ምት ሁለት ጣት ያህል ወደ መሐል ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ እየተቀላቀለው ይመጣል። መሐሉን በሙሉ መዳፍ መትቼ እጄን ወዲያው ሳነሳ ድምፁ ይረዝማል፤ ሳላነሳ ስቀር ይታፈናል። ከዚያ የግራ መዳፌን ሥር ፊቱ ላይ አሳርፌ ቀስ በቀስ እየተጫንኩ በቀኜ ስመታ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግራዬን ሳላላው ይወርዳል። የቆዳ ከበሮ ያስተማሩኝ አባት መጀመሪያ ያሳዩኝ ይህንኑ ነበር። እጄ አዲስ ነገር አልተማረም፤ የሚያውቀውን ነው የሠራው።

ዌቭድራም ብቻውንም አይደለም። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሃንድሶኒክ በ15 ክፍል የተከፋፈለ፣ ለባዶ እጅ ተብሎ የተሠራ የጎማ ፊት አለው፤ ከተመታ በኋላ መጫኑንም ይሰማል። ዳሩንና መሐሉን ለይቶ የሚያውቅ፣ የተመታበትን ቦታ ርቀትና ግፊቱን ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ቦፕፓድ የሚባልም አለ። ሚዲም ቢሆን አላረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ሚዲ 2.0 የምት ኃይልን ከ127 እርከን አውጥቶ ከ65 ሺህ በላይ አድርሶታል። የዚህ ሁሉ ሰው ድካም ወዴት እንደሚያመራ ልብ በሉ። ወደ እጁ ነው።

“የመቺውን ስሜት አያውቅም” ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። የበሬ ቆዳም አያውቅም። ቆዳ የሚያደርገው የእጅን ልዩነት ሳያጠፋ ማሳለፍ ነው። መለኪያው ይህ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው እንዳሉት “ሁለት ምት ምንጊዜም አንድ ዓይነት” የሚሆነው ምቱ በቁጥር ሲተካ ብቻ ነው። ሞገዱ ራሱ ሲያልፍ የአንድ ሰው ሁለት ምት አንድ ሆኖ አያውቅም።

ይልቅ ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ቢያነሱት ግን ያሸንፉኝ የነበረውን ነገር እኔው ላንሳላቸው። ትልቅ ከበሮ አየር ይገፋል። አጠገቡ የቆመ ሰው ደረቱ ላይ ይሰማዋል፤ መቺው ደግሞ ገላው ጭኑ ላይ ሲርገበገብ ይሰማዋል። ኤሌክትሮኒኩን ስመታ ድምፁ የሚወጣው ከእጄ ሥር ሳይሆን ከኋላዬ ከቆመው ሞንታርቦ ነው፤ እጄና ጆሮዬ የተለያየ ቦታ ላይ ናቸው። ይህን የሚተካ ነገር እስካሁን አላየሁም። ሌላም አለ። የማኅሌቱ ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት አፍ አለው፤ በአንገት ተንጠልጥሎ ሁለት እጅ ከግራና ከቀኝ እየተጠራራ ነው የሚመታው። እነዚህ መሣሪያዎች አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ መቆሚያ ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። ካህኑ ከበሮውን ይዞ ሲወዛወዝ፣ ጎንበስ ቀና ሲል ሰውነቱ ለምቱ የሚሰጠውን መቆሚያ አይሰጥም። እንግዲህ ማንም ይህ መሣሪያ ከበሮን ይተካል ቢለኝ እኔም አልስማማም። አይተካም፤ በራሱ የቆመ ሌላ መሣሪያ ነው፤ እጅን ግን ያከብራል።

መዘግየት የተባለውን በቁጥር እንየው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሴኮንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከከበሮ መቺው ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ የቆመ ዘፋኝ ምቱን የሚሰማው ከ10 ሚሊ ሴኮንድ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ዘገየብኝ ብሎ የሚያማርር የለም። ንክኪን በሚሰማ ደህና ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ላይ ከምቱ እስከ ድምፁ ያለው ክፍተት ከዚህ ያነሰ ነው። ጸሐፊው መዘግየት ሰማሁ ካሉ ሰምተው ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉት። ዕቃውን በብሉቱዝ ስፒከር የሚያጫውት ሰው ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሊያጣ ይችላል። ሃያ ሜትር በሚረዝም አዳራሽ ሞንታርቦው ወዲያኛው ጫፍ ከተተከለ፣ ድምፁ ወዲህኛው ጫፍ ለመድረስ ብቻ ወደ 60 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ይህ ለቆዳ ከበሮም በማይክ ሲመታ ያው ነው።

አሁን የሚያመኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ፦ “የከበሮ መቺውን እንጀራ ቀማ” የሚለው። እንጀራችን መቀማቱ እውነት ነው። ቀሚው ማን እንደሆነ ግን በዚህ አገር የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ አጠበበው፤ ብዙ ሰው ይዘው የሚንቀሳቀሱ ባንዶች ተመናመኑ። ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ቤዙንም፣ ትንፋሹንም፣ ምቱንም በአሥር ጣቱ ሲይዝ ሰርግ ደጋሹ ለአንድ ሰው ከፍሎ ባንድ አገኘ። የመጀመሪያው ተባራሪ ድራመሩ ነበር፤ ኪቦርዱ ውስጥ ሪትም ተሞልቶ ነበርና። ይህ ሁሉ የሆነው እጅን የሚሰማ ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ድሬ ከመታየቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው።

ውጤቱን በየሳምንቱ መጨረሻ እያየነው ነው። ድሬ፣ ሳቢያን ሠፈር ባለ አንድ ግቢ፣ ድንኳን ሥር፣ ሙሽሪት ስትገባ ሴቶቹ ዘፈኑን ከኪቦርዱ ነጥቀው ይይዙታል። ጭብጨባው ይፈጥናል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ መፍጠኑ ልማድ ነው፤ ሙሽሪት ወደ መሐል በገባች ቁጥር ይጨምራል። ሪትሙ ግን ያው ነው። ዘፋኙ ዞር ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ኪቦርዲስቱ የቴምፖውን ቁልፍ ይጫናል፤ ምቱ ከነበረበት ዘሎ ሌላ ቦታ ያርፋል። ሴቶቹ ለአፍታ ይደናበራሉ፣ እግር ይሳሳታል። ያን ጊዜ ከበሮ የያዘ ሰው ቢኖር የሚያየው የመሪዋን መዳፍ ነው፤ ከእሷ ጋር ይፈጥናል፤ እሷ ጋብ ስትል እጁን ያረግባል። ይህን ለማድረግ የቆዳ ከበሮም ይበቃል፣ የኤሌክትሮኒኩም ይበቃል። አስፈላጊው ነገር እዚያ የተቀመጠ፣ ዓይኑን ከሴቶቹ ላይ ያልነቀለ ሰው መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ከተሞች አንድ ነገር ልጨምር። የድሬ ሰርግ በአንድ ምሽት በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ይዘፈንበታል። ከኦሮሞው ሸጎዬ ተነስቶ ወደ ሶማሌው ዳንቶ፣ ከዳንቶ ወደ ችክችካ ምት የሚሸጋገር ሰው የሚፈልገው የከበሮ ዓይነት ይለያያል። ያን ሁሉ ከበሮ በባጃጅ ጭኖ መሄድ የሚችል ከበሮ መቺ አላውቅም፤ ለዚህም ነው ደጋሹ ኪቦርዱን የሚመርጠው። በትከሻ የምትያዝ አንዲት መሣሪያ ድምፅዋን በየዘፈኑ የምትለውጥ ከሆነ ከበሮ መቺው ለኪቦርድ ሪትም የተነጠቀውን ቦታ ይዞ መቆም ይችላል። እኔ ራሴ ከባንድ ጋር ዳግም የመሥራት ዕድል ያገኘሁት በዚህ ነው። እንጀራ ቀማ የተባለው ዕቃ ለእኔ እንጀራ መልሷል።

“ባዕድ ነው” ለሚለው መልሱ ከዚሁ ከተማ ታሪክ ይገኛል። አሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው። ገና ልጅ ሳለ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ከተማ ከተቋቋመው የአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ሙዚቃን ጀመረ። በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ሲዘፍን በእጁ የያዘው ዑድ ነበር። ዑድ ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ነው። አኮርዲዮንም እንደዚያው። በባቡርም ይምጣ በመርከብ፣ የምሥራቁ ሰው ያገኘውን መሣሪያ በራሱ ዜማ አሠርቶታል፤ አሊ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያርፍ ዑዱ የባዕድ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

በዚህ ክስ ውስጥ ግን አንድ እውነተኛ ጭንቀት ተደብቋል፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክተው አለፉት፣ እኔ ልቆይበት። መሣሪያው ይዞት የሚመጣው ድምፅ የማን ነው? የድምፅ ዝርዝሩን ስንከፍት ኮንጋ፣ ጀምቤ፣ ታብላ፣ ዳርቡካ እናነባለን። ከረቡን ጃፓን ተቀምጦ ማንም አይቀዳልንም። ወጣቱ መቺ በእጁ ያለውን ይመታል፤ ስለዚህ የሐረሪ የሰርግ ዘፈን በኮንጋ ድምፅ ሲታጀብ ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬንም ቆጥቁጦኛል። መፍትሔው ግን በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሃንድሶኒክ ኤችፒዲ-20 በፍላሽ ላይ ያለ የራስን ቅጂ ይቀበላል፤ ይህን የሚያደርጉ ሌሎች ፓዶችም አሉ። የሚያስፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት ደህና ማይክና ምቱን የሚያውቅ ሰው ነው። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይቀዳል፦ መሐሉ በመዳፍ፣ ዳሩ በጣት፣ የታፈነው፣ የተለቀቀው። እያንዳንዱም ከለሆሳስ እስከ ጉልበት ባሉ በርካታ እርከኖች ይደገማል፤ አለበለዚያ ለስላሳ ሲመታ ድምፁ የተቀነሰ ጩኸት ይሆናል። የቆዳው ሁኔታም ይጻፍ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ ከእሷ ብዙ ዝቅ ብላ በቆላ ትገኛለች። በድሬ ፀሐይ ተወጥሮ የዋለ ቆዳ በሐረር የክረምት ምሽት ረግቦ ይገኛል፤ ለዚህ ነው ከመመታቱ በፊት እሳት ወይም ፀሐይ የሚያሳዩት። የትኛው ሰዓት ላይ ያለ ከረቡ እንደተቀዳ ካልታወቀ ቅጂው ግማሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ፈቅደው፣ መቺዎቹ ተከፍሏቸው ይህ ቢሠራ ጸሐፊው የፈሩት ነገር ግማሹ ይቀላል።

ስለ መብራትና ስለ ዋጋ የተባለውን ባብዛኛው እቀበላለሁ። መብራት ሲጠፋ ዌቭድራም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ኪቦርዱም፣ ማይኩም፣ ሞንታርቦውም ዝም ይላሉ፤ ሰርግ ቤቱ ጄኔሬተር የሚይዘው ለከበሮው ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትንሹ ዌቭድራም ደግሞ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ የራሱ ድምፅ ማጉያም አለው። አቧራና የድሬ ሙቀት ግን ቀልድ አይደሉም፤ በቀን ፀሐይ መኪና ጣራ ላይ የሚጫን ዕቃ አይደለም። ዋጋውም ለጀማሪ አይቀመስም። ድሬ ባለው ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ስልክና ስፒከር እንደልብ ነው፤ ይህን ግን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ብሎ የሚያስመጣው ይበዛል።

አቅም ለሌለው መንገድ አለ። ፒየዞዋ ራስዋ ርካሽ ናት፤ ብዙ የሚጮኹ ዕቃዎች ውስጥ ትገኛለች፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ያውቃታል። ከእውነተኛው ከበሮ ገላ ላይ፣ ከቆዳው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ብትለጠፍና በሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው ብትሄድ የከበሮው ንዝረት ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል። በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ከተሰካች ግን ድምፅዋ ቀጭንና ሻካራ ይሆናል፤ በመሐል ፕሪአምፕ የሚባል አነስተኛ የድምፅ ማጠንከሪያ ትፈልጋለች። ቆዳውም፣ እጁም፣ ጉልበቱም የራሳችን ሆኖ ኤሌክትሮኒኩ እንዲህ ሊያገለግለን ይችላል። ጸሐፊው ቆዳና ኤሌክትሪክን እንደ ጠላት ነው ያቆሟቸው፤ እኔ ግን በአንድ ከበሮ ላይ ሲሠሩ አያቸዋለሁ።

“ልጆችን ያሰንፋል” የሚለው ላይ በፍጹም አልስማማም። ልጅን የሚያሰንፈው ቁልፍ ተጭኖ ሲጨበጨብለት ነው። ንክኪን የሚሰማ መሣሪያ ያልሠለጠነ እጅን ያጋልጣል። ጣት ሳይታሰብ ዳሩን ቢነካ ይሰማል፤ ግራው ከቀኙ ቢደክም ይሰማል፤ እጅ ሳያስፈልግ ተጭኖ ቢቀር ምቱ ታፍኖ ይወጣል። ተራ ፓድ ላይ ለዓመታት የመታ ልጅ እዚህ ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደጎደለው ወዲያው ይገባዋል፤ በቆዳ የጀመረ ደግሞ ቶሎ ይለምደዋል። አብሮም የሚያስገኘው ነገር አለ። ቀፊራ አካባቢ ወይም ጁገል ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ሠፈር ማታ ከበሮ መለማመድ አይታሰብም፤ በሄድፎን ግን እናቱን ሳያስነሳ እስኪደክመው ይመታል። የቆዳ ከበሮ የምመታበትን ሰዓት የሚወስነው ጎረቤቴ ነው፤ ይህኛውን የምወስነው እኔ ነኝ።

የዚክሪው ነገር ይቀራል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ዚክሪ ውዳሴ ነው። መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ከረቡና ከበሉ፣ ያ የእንጨት ማጨብጨቢያ፣ ከቃሉ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ሌሊቱ ይረዝማል፤ ሞንታርቦ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ድምፁ እስከ ግድግዳው ከደረሰ ይበቃል። የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል፣ ካሜራውም በዝቷል፤ ለካሜራ ሲባል ነገሩን የማስዋብ ፈተና ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ለዚክሪ ይሁን ያለ ሙዚቀኛ እስካሁን አልገጠመኝም፤ በእኛ ሙያ ያለ ሰው የትኛው ቦታ የመድረክ እንደሆነ፣ የትኛው የጸሎት እንደሆነ ይለያል። ጸሐፊው በዚክሪ ስም የተነሳውን ስጋት ወስደው የሰርግ አዳራሽ ላይ አጥር ሠርተውበታል። ሰርግ አዳራሹ ኪቦርድም፣ ማይክም፣ መብራትና ጭስም ከገባበት ቆይቷል። እዚያ የጠፋው ከበሮ ሳይሆን ከበሮ መቺው ነው።

ስለዚህ አዳራሾች ደንብ ያውጡ ከተባለ እኔም የማቀርበው አለኝ። ዕቃውን በር ላይ ከመፈተሽ ይልቅ ውሉ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ምቱን የሚመታው ማን ነው? ሪትሙን በማሽን የሚያዞር ባንድ ይህንኑ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ አስቀድሞ ያስታውቅ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ። ከበሮ መቺ ይዞ የሚመጣ፣ ቆዳ ይሁን ኤሌክትሮኒክ፣ የመቺው ክፍያ ለብቻው ይጻፍለት። ጸሐፊው ይህን የሚጠይቅ ወረቀት ካዘጋጁ ከስማቸው ሥር እፈርማለሁ፤ ሌሎች መቺዎችንም አስፈርማለሁ።